የአራቱ ወቅቶች ጭፍራ፤ ንባቡ ከነአንድምታው

ይህች ንባብ ከየት ተገኘች ቢሉ፣ ከቀለም ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ከለጠፍኳት ወረቀት ናት። ሰባት መስመር ናት። ማን ጻፋት ቢሉ፣ እኔው ለራሴ ጻፍኳት፤ አሥራ ስድስት የዛፍ መናፍስትን በአራት ወቅት ከፍዬ ስቀባ፣ በሳትኩ ቁጥር አንድ ቃል እየፋቅኩ፣ ባገኘሁ ቁጥር አንድ ቃል እየጨመርኩ። ስለምን በአንድምታ ትፈታለች ቢሉ፣ ነገርን ገልብጦ ማየት የተማርኩት ከዚያ ነውና። አያቴ ቤት ማታ ማታ መጽሐፍ ሲተረጎም ጥግ ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንዱ ትርጓሜ ሲነገር የፊተኛው አይሻርም፤ «አንድም» ተብሎ በላዩ ይደረባል፣ የታችኛውም በላይኛው ውስጥ ይታያል። ኋላ እንግሊዝ አገር መጥቼ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ምስል ላይ ስስ ቀለም በስስ ቀለም ስደርብ፣ ጆሮዬ የሚያውቀውን ነገር እጄ ሲሠራው አየሁ።

ስለማን ትናገራለች ቢሉ፣ ስለ ሲልቫኔዝ፣ ስለ ዛፍ መናፍስቱ። ታሪክ። የጦር ጨዋታ ሠሪው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ፒክ፣ ኢያን ሊቪንግስተንና ስቲቭ ጃክሰን ለንደን ላይ ያቋቋሙት ነው፤ ዛሬ መቀመጫው ኖቲንግሃም ነው። ምስሎቹን የሚያወጣው ሲታዴል በ1979 ኒውአርክ በተባለች ከተማ ተጀመረ። ዋርሃመር የተባለው የጦር ጨዋታ በ1983 ታተመ። በ2015 ኤጅ ኦፍ ሲግማር የሚባል አዲስ ዓለም ተከፈተ፤ በ2016 ደግሞ ሲልቫኔዝ ራሱን የቻለ ጭፍራ ሆኖ ወጣ። ሰዎቹ ዛፎች ናቸው። ግንድ አካላቸው፣ ሥር እግራቸው፣ ቅርንጫፍ ጣታቸው፣ ቅጠል ጠጉራቸው ነው። ንግሥታቸው አላሪየል በታላቅ ጥንዚዛ ላይ ተቀምጣ ትመጣለች። በልቦለዱ የደዌና የመበስበስ አምላክ የሆነው ነርግል ጊራን የምትባለውን የሕይወት ግዛቷን ሲወርባት፣ ንግሥቲቱ እየደከመች፣ እየከሰመች ሄዳ እንደ ዘር ሆነች፤ ዘሩም ተሸሽጎ ቆይቶ በጦርነት መልክ ዳግም በቀለ። እንግዲህ ወቅት ለዚህ ጭፍራ ከውጭ የሚለጠፍ ጌጥ አይደለም፤ ከታሪኩ ከራሱ የበቀለ ነው። በ2022 በወጣው መጽሐፋቸውም አራት የጦርነት ወቅቶች ተሰጥተዋቸዋል፤ የማቆጥቆጥ፣ የአጨዳ፣ የመመንመንና የማያልፍ ድንግዝግዝ።

ንባብ። ምስሉ ታናሽ፣ ቀለሙ ዓመት።

ታናሽ አለ፤ ቁመቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና። ፊቱ ከሽምብራ፣ ዓይኑ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም።

አንድም ታናሽ ያለው ስሙን ነው። ሐተታ። ሚኒያቸር የሚለው ቃል ከትንሽነት የወጣ ይመስላል። አይደለም። በላቲን ከእርሳስ የሚሠራው ቀይ ቀለም ሚኒየም ይባል ነበር። የብራና ጸሐፍት በዚያ ቀይ አርእስቱንና የፊደሉን ጌጥ ሲያቀልሙ ሥራው ሚኒያሬ ተባለ፤ ብራና ላይ የሚሣለው ሥዕል ደግሞ ትንሽ ነውና ውሎ አድሮ ቃሉ ወደ ትንሽነት ዞረ። ስለዚህ ሚኒያቸር ማለት በሥሩ በቀይ የተቀለመ ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ብሩሼን አስቀምጬ ዝም አልኩ። የእኛም ጸሐፍት የጌታን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፋሉ፤ ቀይ ሲመጣ አንባቢው ድምፁን ይለውጣል፣ ልቡን ይሰበስባል። የዚህ ሙያ ስም የወጣው ከቁመት ሳይሆን ከቀለም መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው «ይህ እኮ የልጅ መጫወቻ ነው» ሲለኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ዓመት አለ፤ አራቱን ወቅት ለማለት። የየትኛው አገር ወቅት ቢሉ፣ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያሻል። መዝገበ ቃላት የእንግሊዙን አራት ወቅት ፀደይ፣ በጋ፣ መፀውና ክረምት ብሎ ይፈታዋል። እኛ ግን መፀው የምንለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው በአበባ የሚሸፈንበትን፣ እህሉ የሚያሸትበትን። የእነሱ መፀው ቅጠል ይረግፍበታል። ክረምት የምንለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ምድር አረንጓዴ ለብሳ ወንዝ የሚሞላበት ነው። የእነሱ ክረምት ዛፉ ራቁቱን ቆሞ በረዶ ይለብስበታል። መጀመሪያ አራቱን ጭፍራ በመዝገበ ቃላቱ ስም ጠራኋቸው፤ «ክረምት» ብዬ በጻፍኩበት መቆሚያ ላይ ነጭ ሳፈስ እጄ እምቢ አለኝ። በእኔ ቋንቋ ክረምት ነጭ ሆኖ አያውቅምና። ስለዚህ ስሙን ተውኩና በሚታየው ነገር ጠራኋቸው፤ እንቡጥ፣ ለምለም፣ ርጋፊ፣ በረዶ።

አንድም ዓመት ያለው ሥራው የፈጀውን ጊዜ ነው።

ንባብ። አስቀድመህ ጨለማ አልብሰው።

ጨለማ አለ፤ ጥቁሩን ፕራይመር። ምነው ቢሉ፣ ምስሉ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙም በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው። ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ ውሃ ያለው ቀለም ይሸሻል፣ ሲነካም ይላጣል። ፕራይመሩ ቆዳ ይሆንለታል።

አንድም ጨለማ አለ፤ ብሩሽ የማይደርስበት የቅርፊት ስንጥቅ፣ የብብት ሥር፣ የሥር ውስጥ ሳይቀባ ሲቀር ጥላ እንዲመስል። የረሳኸውን ሁሉ ጥቁሩ ይሸፍንልሃል።

ቦ። አስቀድሞ ነጭ ወይም የአጥንት ቀለም የሚያለብሱ አሉ። ተሳስተዋል አልልም። በ2019 ኮንትራስት የሚባለው ቀለም ከወጣ ወዲህ ሥራው ተለውጧል፤ ይህ ቀለም ውሃ መሰል ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፣ ጉብታው ላይ ይሳሳል፣ በአንድ ቅብ ብርሃንና ጥላን ይለያል። ከሥሩ ግን ነጣ ያለ መደብ ይፈልጋል። ብዙ ምስል በአጭር ጊዜ ለሚያወጣ ሰው መልካም መንገድ ነው። እኔ ጨለማውን የመረጥኩት ወደፊት በሚመጣው ምክንያት ነው።

ፕራይመሩ በስፕሬይ ይነፋልና ስለ ስፕሬዩ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ስለከፈልኩበት ሌላው እንዳይከፍል። በኅዳር ወር ካፊያ በሚጥልበት ጠዋት ሰገነት ላይ ወጥቼ አራት ምስሎች ላይ ነፋሁ። አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ሲደርቁ ፊታቸው ሁሉ ጥሬ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፤ ያ በጥንቃቄ የተቀረጸ ቅርፊት አሸዋ ሆነ። ቀለሙን ለማስለቀቅ አንድ ሳምንት በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፤ አንዷ ጣቶቿን አጣች። ስፕሬይ ደረቅና ለብ ያለ ቀን ይጠብቃል። ቀኑ ካልመጣ አይነፋም።

ንባብ። ለአራቱ ጭፍራ አራት ጥላ ስጥ።

የንባቡ ልብ ይህ ነው። ሌሎቹ ስድስት መስመሮች ለዚህ ሲባል ተጻፉ ብል አላጋነንኩም።

ታሪክ። መጀመሪያ የቀባሁት እንዲህ አልነበረም። እንቡጡን ሮዝ አበባ፣ ለምለሙን አረንጓዴ፣ ርጋፊውን ብርቱካን፣ በረዶውን ነጭ አድርጌ፣ ግንዳቸውን ሁሉ በአንድ ቡናማ ዎሽ አጠብኩ። ዎሽ ማለት እጅግ የቀጠነ፣ ወደ ስንጥቁ የሚወርድ የጥላ ቀለም ነው፤ እኔ የተጠቀምኩት አግራክስ ኧርዝሼድ የሚባለውን ነበር። መደርደሪያ ላይ አቁሜ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብዬ አየኋቸው። አራት ወቅት አልነበሩም። አንድ ሰው አራት ዓይነት ባርኔጣ እየቀያየረ የቆመ ይመስላል። ቅጠሉ ወቅቱን ይጮኻል፣ አካሉ ግን አልሰማም።

ጥፋቱ ምን ነበር ቢሉ፣ ወቅትን ከቅጠል ፈልጌ ነው። ወቅት ከቅጠሉ በፊት ብርሃን ነው፤ ብርሃንም የሚታወቀው በጥላው ነው።

አራት ጥላ አለ፤ አራት ዎሽ ማለቱ ነው። ለርጋፊ ያው ቡናማው ይሁን። ለበረዶ ድራከንሆፍ ናይትሼድ የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ። ለለምለም ቢል-ታን ግሪን የሚባለው አረንጓዴ፣ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ ተደርጎበት። ለእንቡጥ ድሩኪ ቫዮሌት የሚባለው ወይን ጠጅ። የግንዱ መነሻ ቀለም የአሥራ ስድስቱም አንድ ነው፤ ከአንድ ብልቃጥ የተቀዳ፣ አመድማ ቡናማ። ይህ ለምን ቢሉ፣ አንድ ጭፍራ መሆናቸው በግንዱ እንዲታወቅ፣ ልዩነታቸውም በጥላው እንዲታወቅ። ዎሹ ሲደርቅ ያየሁትን አልረሳውም። ያንኑ ግንድ አንዱ ጋ ጠዋት፣ አንዱ ጋ ቀትር፣ አንዱ ጋ ምሽት የመታው መሰለኝ፤ ገና አንድ ቅጠል ሳልቀባ ወቅታቸው ተለየ።

አንድም አራት ጥላ አለ፤ ጎረቤት ቀለም ጎረቤቱን እንደሚለውጥ ሲናገር ነው። ታሪክ። ሚሼል ኤዥን ሼቭሮል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ በሚገኘው በጎብለን የመጋረጃ ሽመና ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ፣ ማቅለሚያው ደከመ ብለው ከሰሱ። መርምሮ ሲያይ ማቅለሚያው ደኅና ነው፤ ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው። ቀለም በጎኑ ካለው ቀለም ጋር ሲታይ ሌላ ይሆናል ብሎ በ1839 ትልቅ መጽሐፍ ጻፈበት። እንቡጥን ወይን ጠጅ ጥላ ያለበስኩት በዚህ ነው፤ አዲስ ቅጠል ቢጫ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫም በወይን ጠጅ አጠገብ ሲሆን ይበራል። ቅጠሉ ላይ ቀለም አልጨመርኩም። ጎረቤቱን ለወጥኩለት።

አንድም አራት ጥላ አለ፤ ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫ። ይህን ትርጓሜ ከማንም አልሰማሁትም፤ መስኮቴ ነው ያስተማረኝ። ኖቲንግሃም ላይ በሰኔ አጋማሽ ገደማ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ትወጣለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን 14 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ ጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ተደግፋ ትውልና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትሰናበታለች። ቀቢዎች ጥቁሩን ካለበሱ በኋላ ከላይ ወደታች ነጭ ስፕሬይ ይነፋሉ፤ ዜኒታል ይሉታል፣ የቀትርን ፀሐይ ለመምሰል። ታዲያ የቀትር ፀሐይ በወቅቱ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይ? አይደለም። ስለዚህ ለምለሙን ከአናቱ ቀጥ አድርጌ ነፋሁት፤ አገጩና ብብቱ ጨለሙ፣ ትከሻው በራ። በረዶውን ከጎን፣ ከጆሮው ትይዩ ነፋሁት፤ ግማሽ ፊቱ በራ፣ ግማሹ በጨለማ ቀረ። ርጋፊውንና እንቡጡን በመካከል፣ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ። ጨለማውን ቀድሜ የመረጥኩበት ምክንያት ይህ ነው፤ ብርሃን ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ጨለማ ካለ ነው።

ንባብ። ቢጫው ነበረ፣ ቀዩ መጣ።

ስለ ርጋፊ ተናገረ። ሐተታ። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል በሚባለው ነገር ነው፤ ፀሐይን ተቀብሎ ምግብ የሚያበስልበት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ዛፉ ክሎሮፊሉን ያፈርሰዋል። በዚህ ጊዜ ቢጫው ይወጣል። ቢጫው ግን አዲስ አይደለም፤ ካሮቲኖይድ ይባላል፣ በለምለሙ ወቅት ሁሉ ከአረንጓዴው ሥር ነበረ። ቀዩ ግን እንዲህ አይደለም። አንቶሲያኒን የሚባለውን ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል፣ በመጨረሻ ቀኖቹ፣ አዲስ ይሠራዋል። ቢጫው የተገለጠ፣ ቀዩ የተፈጠረ ነው።

ነበረ አለ፤ ስለዚህ ቢጫውን አስቀድመህ ቀባ ማለቱ ነው። በላዩ አረንጓዴ በስሱ ጣል አድርግበትና ከጫፍ ጫፉ አንሣው፤ በደም ሥሩ ዙሪያ ይቅር፣ ሥራውን ያልጨረሰ ቅጠል ይመስላል። መጣ አለ፤ ቀዩን በመጨረሻ፣ ውሃ አብዝተህ፣ ከዳር ወደ መካከል አልብሰው። ተፈጥሮ የሄደችበትን ቅደም ተከተል ብሩሽ ሲከተል ቅጠሉ ያሳምናል። ተገልብጦ፣ ቀይ ቀብቼ በላዩ ቢጫ ስነካካ፣ ያገኘሁት የእሳት ነበልባል እንጂ ቅጠል አልነበረም።

አንድም ነበረ አለ፤ ቢጫ ደካማ ቀለም ነው፣ መሸፈን አይችልም። ጥቁር ላይ ቢያርፍ አረንጓዴ ይመስላል፣ ይታመማል። ከሥሩ ነጣ ያለ የአፈር ቢጫ ወይም ሐመር ሮዝ መደብ ሊኖር ይገባል። ቢጫ እንዲኖር ቢጫን የሚሸከም ይኑር።

አንድም ቀዩ መጣ አለ፤ ከየት ቢሉ፣ ከፀሐይ። ይህን ያሳየችኝ ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከመንገዱ ዳር አንድ የሜፕል ቅጠል አነሣች፤ ከፊሉ ደም የመሰለ ቀይ፣ ከፊሉ ጥርት ያለ ቢጫ፣ በመካከሉ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል መስመር። አገላብጣ አየችውና፦

«አባዬ፣ ቢጫው ጋ ሌላ ቅጠል ተኝቶበት ነበር መሰለኝ።»

«እንዴት አወቅሽ የኔ እመቤት?»

«የቅጠል ቅርጽ አለዋ! እየው፣ የዚያኛው ጣቶች እዚህ ጋ።»

እውነቷን ነበር። ቀዩ የሚበዛው ፀሐይ ያገኘው ገጽ ላይ ነው፤ ጥላ ያረፈበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የሌላው ቅጠል ጥላ በዚህኛው ላይ ተጽፎ ነበር። ቤት ገብቼ የአራቱን ርጋፊዎች ጠጉር በአዲስ ቀባሁ፤ ፀሐዩ በመጣበት በቀኝ በኩል ቀይ፣ ቅጠል በቅጠል በተደረበበት ቢጫ። ይህም ወደ ሦስተኛው ንባብ ይመልሰናል፤ እዚያ ጥላ የተባለው እዚህ በቅጠሉ ላይ ተገኘ።

ስለ ርጋፊ ቀለም ማየት የሚወድ የጆን ብላንሽን ሥራዎች ይመልከት። ለብዙ ዓመታት የጌምስ ወርክሾፕ የሥዕል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ቡናማ፣ የአፈር ቢጫ፣ የዛገ ቀይ፤ በእነዚህ ብቻ ዓለም ሙሉ ያቆማል። ርጋፊን በጥቂት ቀለም የሚቀባ ሰው ከሁሉም ወቅት ይልቅ የተዋሐደ ሥራ ያገኛል የሚል እምነት አለኝ፤ ከአራቱም ቢጠይቁኝ የምወደው እሱን ነው።

ንባብ። በረዶን በነጭ አትጀምር።

በረዶ ነጭ አይደለምን ቢሉ፣ ፀሐይ የነካው ነጭ ነው፤ ያልነካው ሰማያዊ ነው። ምነው ቢሉ፣ ጥላ ውስጥ ያለውን በረዶ ፀሐይ ባታበራውም ሰማዩ ያበራዋል፣ የሰማዩንም መልክ ይወስዳል። ማልዶ በበረዶ ላይ የሄደ ሰው የራሱን ጥላ ይመልከት።

ስለዚህ በሰማያዊ ግራጫ ጀምር። በላዩ አንድ ደረጃ ያነጣ ግራጫ፣ በላዩ ሌላ። ነጩን ለመጨረሻ፣ ለትከሻው ጠርዝ፣ ለቅርንጫፉ ጫፍ፣ ለአፍንጫው አናት አስቀምጠው። ነጭ ሁሉ ቦታ ከዋለ የሚደምቅበት ቦታ ያጣል። ዊንተርሊፍ የሚባለውን የሲልቫኔዝ ነገድ ለመቀባት ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ በነጭ ጀምሮ ብርሃን የሚጨምርበት ያጣል፣ ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ሆኖ ይቀርበታል።

አንድም አትጀምር አለ፤ ነጭ ቀለም በአንድ ጊዜ ልሸፍን ቢሉት ይጓጉላል፣ ይሰነጠቃል። ሦስት አራት ጊዜ በትዕግሥት ይደርሳል።

አንድም ስለሚነሰነሰው በረዶ ተናገረ። በመጀመሪያው ጊዜ የኬክ ሶዳን ከሙጫ ጋር ለውሼ መቆሚያው ላይ አደረግኩ፤ ርካሽ ነው፣ ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ለወራት አማረ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቢጫ እየሆነ መጣ፤ በረዶዬ የአሮጌ ጋዜጣ መልክ ያዘ። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን ጥሩ የመስታወት ብናኝ ገዝቼ በአዲስ ሠራሁት። ሲነሰነስም ከላይ ይሁን፤ በረዶ በቅርንጫፍ ጀርባ ይተኛል እንጂ ሆዱ ሥር አይንጠለጠልም። ብርሃኑ ከጎን ቢመጣም በረዶው ከላይ ነው የሚወርደው። ሁለቱን አቅጣጫ አለማምታታት የዚህ ጭፍራ ጣጣ ነው።

ንባብ። ስስ አድርገህ ድገመው።

ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይሻላል ሲል ነው። ቤት ቀቢም ያውቀዋል። ወፍራም ቀለም የተቀረጸውን ፊት ይቀብረዋል።

አንድም ስለ ብሩሹ ተናገረ። ጀማሪ ሁሉ ምስሉ ትንሽ ነውና ብሩሹም ከሁሉ ያነሰው ይሁን ይላል። ያነሰው ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ከጠብታ ያነሰ ነው፤ ዓይኑ ጋ ሳይደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። የሚፈለገው ሆዱ ሰፋ ብሎ ጫፉ እንደ መርፌ የሚሾል ነው። የዊንዘር ኤንድ ኒውተን ሰባተኛው ተከታታይ የሚባለው ብሩሽ በ1866 ለንግሥት ቪክቶሪያ የውሃ ቀለም ሥዕል ታዝዞ የተሠራ ነው፤ ጠጉሩ ኮሊንስኪ ከምትባል የሳይቤሪያ አውሬ ጅራት ይገኛል። ለንግሥት የተሠራው ብሩሽ የዛፍ መንፈስን ቅንድብ ለመቀባት ተስማማ። ታጥቦ፣ ጫፉ ተስተካክሎ፣ በቆመበት ካልሆነ በቀር አይደር።

ንባብ። እግሩን መሬት አስይዘው።

መሬት አለ፤ ክቡን መቆሚያ። ወቅት በዛፉ ላይ ብቻ ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት የማንም ወቅት ካልሆነ፣ ዛፉ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። የእንቡጡን መሬት እርጥብ ጥቁር አፈርና ጥቂት ሙዝ አደረግኩት፤ የሚበላውን አይደለም፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ። ለለምለም ረጅም ሣር።

የርጋፊው መሬት ግን ሀብት ነው። ቅጠል ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ከበርች ዛፍ። በርች እንደ አባ ጨጓሬ የሚንጠለጠል የዘር ዘለላ አለው፤ ሲደርቅ በጣት ቢፈረፍሩት በመቶ የሚቆጠር ቅርፊት ይረግፋል፣ እያንዳንዱም ሦስት ጫፍ ያለው፣ በ30 ሚሊ ሜትር ምስል እግር ሥር ሲያርፍ ልክ የሜፕል ቅጠል የሚያህል። ዛፉ ራሱ የታናሽ ዓለምን ቅጠል ያፈራል። ከልጄ ጋር አንድ እፍኝ ያህል ዘለላ ለቅመን ለሁለት ዓመት በቃን። ከፊሉን ቀይ፣ ከፊሉን ቢጫ ቀባን፤ የቀረውን እንዳለ ቡናማውን ተውነው፤ መሬት ላይ የቆየ ቅጠል ሁሉም ቡናማ ይሆናልና።

አንድም መሬት ያለው የቀቢውን ነው። አሥራ ስድስቱ አልቀው መደርደሪያው ላይ ከቆሙ በኋላ ከሳጥኑ ሥር አንድ ትርፍ ምስል ተገኘ፤ ከአለቆቻቸው አንዷ የሆነች፣ ብራንችሬዝ የሚሏት። የየትኛው ጭፍራ ትሁን ብዬ ሳስብ ወራት አለፉ። በመጨረሻ መዝገበ ቃላቱ «መፀው» ብሎ የተሳሳተብኝን ወቅት ልስጣት አልኩ፤ የእኛውን፣ ቅጠል የማይረግፍበትን። አዲስ አበባ ላይ ይህ መፀው ሲገባ እኩለ ቀን ፀሐይ 76 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች፤ ከአናት በላይ ለመሆን ጥቂት ይቀራታል ማለት ነው። ጥቁሩን አለበስኳትና ነጩን ከለምለሙም ይልቅ ቀጥ አድርጌ ከላይ ነፋሁባት። ግንዷ ያው የአሥራ ስድስቱ አመድማ ቡናማ ነው። ጠጉሯ አደይ ይሆናል፤ ቢጫ ነውና ከሥሩ ሐመር መደብ ተቀብቶለታል። መሬቷ ዝናብ ያጠገበው ቀይ አፈር ነው።

የቀረው ጥላው ነበር። ቡናማው የእሷ አይደለም፣ ሰማያዊውም። ትናንት ማታ ወይን ጠጁንና አረንጓዴውን ፓሌት ላይ ለየብቻ ቀዳሁና በቅርፊቷ ስንጥቅ ውስጥ እርጥብ በእርጥብ አገናኘኋቸው። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ በትከሻዬ በኩል ታያለች።

«ይሄኛው ስሙ ምንድን ነው አባዬ?»

«ገና አልደረቀም፤ ጠዋት እናየዋለን» አልኳት፣ መብራቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ።